ስለ ጎደለው ግንብ

ይህ ነገር የሆነው እዚህ አይደለም። እዚህ ቢሆን ኖሮ እኔም አልነግራችሁ፣ እናንተም ተረጋግታችሁ አትሰሙኝ። የሆነው ከብዙ ወንዝ ማዶ፣ ነጋዴ እንኳ ስሙን በማያነሳው አገር ነው።

በዚያ አገር አንድ ኮረብታ ነበረ። ከኮረብታው ወዲህ «ላይ ቤት»፣ ከኮረብታው ወዲያ «ታች ቤት» የሚባሉ መንደሮች ነበሩ። ታች ቤት ከላይ ቤት ዝቅ ስላለ አይደለም ታች ቤት የተባለው፤ እንዲያውም ጥቂት ከፍ ይላል። ስሙን ያወጡት ላይ ቤቶች ስለሆኑ ነው።

በኮረብታው አናት ላይ የድንጋይ ምሽግ ነበረ። ነበረ ማለቴ የዱሮ ዱሮ ነው፤ ከማን አባት አባት በፊት እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ጭቃም ኖራም ያልነካው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጫጭኖ የቆመ ነበር ይባላል። የቀረው ግን ጥቂት ነው። በአንድ ወገን ከጉልበት የማያልፍ የግንብ ቁራጭ፣ ወረድ ብሎ ቁልቋል የዋጠው ሌላ ቁራጭ፣ የበር መድረክ የሚመስል አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሌላው ክምር ነው። ፍየል ሳታስብ የምትዘለው ምሽግ ነበር።

ላይ ቤቶች «ይህን ምሽግ የሠሩት አባቶቻችን ናቸው፤ መጥተው የከበቧቸው የታች ቤት ሰዎች ናቸው» ይላሉ። ታች ቤቶችም ይህንኑ ታሪክ ያወራሉ፤ የሚለወጠው የመንደሩ ስም ብቻ ነው። ማስረጃ አምጡ ሲባሉ ሁለቱም ያችኑ የግንብ ቁራጭ ያሳያሉ። ላይ ቤቶች በወዲህ በኩል ቆመው፣ ታች ቤቶች በወዲያ በኩል ቆመው።

የአገሩ ንጉሥ ደግ ሰው ነበረ። ደግ ሰው ግን አማካሪ ሲበዛበት ሕግ ያበዛል። የሁለቱ መንደሮች ክርክር ቢያሰለቸው «ማን እንደሠራው እስኪታወቅ ድረስ ምሽጉ እንዳልፈረሰ ይቆጠር» ብሎ አዋጅ አስነገረ። እንዳልፈረሰ ይቆጠር ከተባለ ደግሞ የሚቆጥር ሹም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊቀ ፍርስራሽ የሚባል ሹመት ተፈጠረና ጓንጉል የሚባል፣ አንገቱ ረጅም፣ ትጉህ ሰው ተሾመበት።

ጓንጉል ከየምድጃው አመድ በጆንያ እያስሰበሰበ ግንቡ ይኖርበት ነበር ባለው ቦታ ሁሉ በተነው። የኮረብታው አናት በአመድ መስመር ተከበበ። ያ መስመር ግንብ ነው ተባለ። ነፋስ ሲነፍስ ግንቡ ይበናል፤ ጓንጉል ተነሥቶ መልሶ ይሠራዋል። አንዳንዴ መልሶ ሲሠራው ግንቡ ከዱሮው ቦታ ፈቀቅ ይላል። አንድ ሰው የገብስ ማሳው ምሽግ ውስጥ ገብቶ አገኘው። ቢጮህ ጓንጉል «ደስ ይበልህ፤ ከእንግዲህ ጠላት አይደርስብህም» አለው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። ኮረብታውን የሚሻገር ሁሉ በበሩ ይግባ፣ በበሩ ይውጣ። በሩ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። መቃን የለው፣ ሳንቃ የለው፣ ግን አጋፋሪ አለው። አጋፋሪው ደባልቄ ይባላል፤ ሪዛም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሆዱ ግን ቡቡ የሆነ ሽማግሌ ነው። በርጩማውን ከድንጋዩ አጠገብ አኑሮ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። አመዱን ረግጦ ያለፈ ሰው «ግንብ ሰርስሯል» ይባላል። ቅጣቱ «ያፈረሰ ይተካ» ነው፤ በረገጠበት ቦታ ንጉሡ እስኪምረው ድረስ ድንጋይ ሆኖ ይቆማል። ማታ ማታ ቤቱ ይሄዳል፤ ግንብ በጨለማ የሚያየው የለምና። ንጋት ላይ ተመልሶ ይቆማል።

ጓንጉል በዚህ ላይ አንዲት ቃል አስጨመረ። «ማንም ሰው ድንጋይን እንደ ሰው ቢያናግር፣ ግንቡን ክዷልና እሱም ድንጋይ ይቁም።» ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ቢነጋገርስ? ይህን ሕጉ ረስቶታል። ሕግ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል፤ እግዜር ይመስገን።

እንግዲህ ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። የታች ቤት ልጅ፣ በላይ ቤት ያገባች። ባሏ ቢያድግልኝ ይባላል፤ ቃል ሲናገር የሚቆጥብ፣ ሥራ ላይ ግን የማይቆጥብ ገበሬ ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ ጤፉ በቅሎ አረሙ አብሮት በበቀለበት ሰሞን፣ ከታች ቤት የምትመጣ አንዲት ገበያተኛ የይመኙሻልን በር አንኳኳች።

«አባትሽ አያ ወንድይራድ ታመዋል» አለቻት። «እህል ከተዉ ሰነበቱ። ስምሽን ነው የሚጠሩት።»

ይመኙሻል በእጇ የነበረውን መኮትኮቻ ጥላ ነጠላዋን ብድግ አደረገችና ወደ ኮረብታው ወጣች።

ያ ሰሞን ደግሞ የከበባ ሰሞን ነበር። ጓንጉል ያወጣው ልማድ ነው። አባቶች ተከበው የኖሩበትን ጊዜ ለማሰብ በሩ በየዓመቱ ይዘጋል፤ የምሽግ በዓል እስኪደርስ ማንም አይሻገርም። መሻገር የግድ የሆነበት በገደሉ ዙሪያ ይዞራል። የገደሉ መንገድ በክረምት ያዳልጣል፤ በጠዋት የወጣ ሰው ለምሽት ቢደርስ ዕድለኛ ነው።

ደባልቄ ከሩቅ ሲያያት ከበርጩማው ተነሣ።

«ልጄ፣ ተዘግቷል» አላት።

«አያ ደባልቄ፣ አባቴ እየሞተ ነው።»

«ማን? ወንድይራድ? እኔን!» አለና ሪዙን ያዘ። «ሰማሽ፣ እኔ ብሆን አሳልፍሽ ነበር። ግን በሩ ተዘግቷል፤ ምን ላድርግ?»

ይመኙሻል ድንጋዩን አየችው። ወዲያ ማዶ የአባቷ ቤት ጣሪያ ይታያል።

«የት ላይ ነው የተዘጋው?» አለች።

«እሱን አትጠይቂኝ። ዝጋ ተባልኩ፣ ዘጋሁ።»

«እሺ፤ በሩን አልነካብዎትም» አለችና ከድንጋዩ ፈቀቅ ብላ፣ በአመዱ ላይ ተራመደች። ደባልቄ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ግንቡን! ኧረ ግንቡን!» ብሎ ጮኸ። ግን የጮኸው ሹመቱ እንዳይነቀፍ ያህል ነው፤ አልተከተላትም።

አባቷን በሕይወት አገኘቻቸው። ከስተው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ መደብ ላይ ተጋድመዋል። እጃቸውን ያዘች።

«በየት መጣሽ?» አሏት ቀስ ብለው። «በሩ ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«በግንቡ መጣሁ፣ አባዬ።»

«በግንቡ? እንዴት አድርገሽ?»

«ረግጬው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ደረታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጨረሻቸው መሰላትና ደነገጠች፤ ለካስ ሳቅ ነው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ካሳላቸው በኋላ ውሃ ጠየቁ፤ ከውሃው በኋላ አጥሚት። ያዳናቸው ሳቁ ይሁን አጥሚቱ፣ ወይም የልጃቸው ዓይን፣ አልታወቀም። አጠገባቸው ሰነበተች። ቁጭ ብለው ሲበሉ ካየች በኋላ ጉንጫቸውን ስማ ተነሣች።

ወደ ኮረብታው ስትመለስ ደባልቄ ያላያት ለመምሰል ፊቱን አዞረ። እሷ ግን መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አያ ደባልቄ፣ መጥቻለሁ።»

«ማን ፈለገሽ!» አላት በሹክሹክታ። «በዚያ በቁልቋሉ ዞረሽ ብትሄጂ አላየሁም እል ነበር እኮ።»

«አይተዋል እንጂ። እኔ በሠራሁት እርስዎ በሽበትዎ ይዋሹ?»

ደባልቄ ወደ በርጩማው ተመለሰ። ጓንጉል ግን ሁሉን ሰምቶ ኖሮ ከአመድ ጆንያው ጋር መጣ። የረገጠችበት ቦታ አቆማት፤ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያት፤ «ትንሽ ወደ ግራ» አለ። «በቃ። ጥሩ ድንጋይ ነው።»

በማግሥቱ ፀሐዩ ከረር አለ። ቢያድግልኝ ለሚስቱ በቅል ውሃ ይዞ መጣ። ቢያያት ከንፈሯ ደርቋል። የሕጉን ቃል ያውቀዋል። ቅሉን አፏ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቢያጠጣት ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር፤ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ አልተከለከለም። ግን ሰው ለሚስቱ ውሃ ሲሰጥ አፉ ዝም አይልም።

«ጠጪ፣ ዓለሜ» አላት።

ከእሷ ቀጥሎ ቆመ።

ወሬው እናቱ ዘንድ ደረሰ። እትዬ ጠጂቱ ይባላሉ። በላይ ቤት የሳቸውን ምላስ የማይፈራ ውሻ እንኳ የለም። መቋሚያቸውን ይዘው ኮረብታውን ወጡና ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«አንተ ድንጋይ!» አሉት። «ጤፉን ለማን ጥለኸው ነው እዚህ የምትገተር?»

ጓንጉል ግራ ገባው። ሴትዮዋ ድንጋዩን ድንጋይ ብለዋል፤ ይህ ሕጉን ማክበር ነው። ግን «አንተ» ብለዋል። ለድንጋይ አንተ ይባላል? አንገቱን እያወዛወዘ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አሰበበት። በመጨረሻ «ድንጋይ ማለትዎ ተመስግኗል፤ አንተ ማለትዎ ያስቆማል» ብሎ ፈረደ። እትዬ ጠጂቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከልጃቸው ጎን ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮረብታው ላይ ጸጥታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ እየሆነ ሄደ። የይመኙሻል ወንድሞች ከታች ቤት ሊጠይቋት መጡና «እንደምን ዋልሽ» አሏት፤ ቆሙ። የእትዬ ጠጂቱ ጎረቤት ልታጽናና መጣች፤ ቆመች። አንዱ ሊስቅባቸው መጥቶ «እናንተ!» አለ፤ ቆመ። አገሩ ሰላምታ የሚያበዛ አገር ነበርና ግንቡ በፍጥነት ተገነባ።

ጓንጉል ሲያቆማቸው በቁመት እንጂ በመንደር አልለያቸውም፤ ግንብ አናቱ እኩል ሲሆን ያምራል ብሎ ነው። ስለዚህ ላይ ቤትና ታች ቤት ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። በወሰን ምክንያት ዘመናቸውን ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ደረሳቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። ዝናብ ሲመጣ አንደኛው ጋቢ ነበረው፣ አንደኛው አልነበረውም። ግንብ ወዴት ይሸሻል? ጋቢው ለሁለት ሆነ፤ ከጋቢው በኋላ ወሰኑ ቀላል ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሳቅ አልነበረም። ከኮረብታው ሆነው ማሳቸውን ያያሉ። አረሙ ጤፉን እያለፈው ሄደ። በመንደር የቀሩት ሕመምተኛና አራስ ብቻ ናቸው። ቢያድግልኝ ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኑን ከማሳው አይነቅልም፤ ጣቶቹ ባዶውን አየር ያርማሉ። ይመኙሻል ይህን እያየች «ይህን ሁሉ ሰው ያስቆምኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች።

እትዬ ጠጂቱ ሰሙ። «ዝም በይ! አንቺ የሄድሽው ወደ አባትሽ ነው» አሏት። ከዚያ ቀደም ምራታቸውን በበጎ አናግረዋት አያውቁም ነበር።

የምሽግ በዓል ደረሰ። ንጉሡ በበቅሎ፣ በጥላ፣ በነጋሪት ወደ ኮረብታው ወጣ። ጓንጉል የደስታ ዕንባ እያነባ ተቀበለው።

«ጃንሆይ፣ ግንቡ ሞልቷል! ከዚህ በኋላ አመድ አያስፈልግም።»

ንጉሡ ከበቅሎው ወርዶ በሰዎቹ ፊት ቀስ እያለ ሄደ። ሰማዩ ከብዶ ነበርና ካፊያ ጀመረ፤ ከካፊያው ጋር ቀዝቃዛ ነፋስ። ይመኙሻል ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ደግ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ሳያስበው አፉ ተናገረ።

«ልጄ፣ አልበረደሽም?»

ጓንጉል ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረ። መኳንንቱ ጫማቸውን ተመለከቱ። አንዱ በቅሎዋን ተቆጣ፤ ምንም አላደረገችም።

ደባልቄ ግን ከበርጩማው ተነሣ። ይህች ልጅ አንድ ቀን እንዳይዋሽ ብላ መጥታ ፊቱ መቆሟ ከሆዱ አልወጣም ነበር። እስከ መሬት እጅ ነሣና «ጃንሆይ» አለ፣ «ድንጋይ አናግረዋል።»

«አላናገሩም!» አለ ጓንጉል። «ለራሳቸው ነው የተናገሩት! ደግሞስ ንጉሥ በሕጉ ውስጥ አለ እንዴ?»

«ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ ንጉሡ።

«ማንም ሰው፣ ይላል ጃንሆይ» አለ ጓንጉል። «ግን ማንም ሲል ማንንም እንጂ…»

ንጉሡ ዙሪያውን አየ። የሚያየው ሕዝብ ብዙ ነው፣ አዋጁም የራሱ ነው። ካባውን አውልቆ ለጥላ ያዡ ሰጠ። ባዶ ቦታ ፈለገ። የነበረው በእትዬ ጠጂቱና በአንድ የታች ቤት ሸማኔ መካከል ነው። ገብቶ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ ጠጂቱ «ጎረቤት» አሉት፣ «ትከሻህን ጠጋ አድርገው፤ ነፋስ ታስገባለህ።»

መኳንንቱ ሊጮኹ ነበር። ግን ማንን ያናግራሉ? ያናገረ ይቆማል።

ንጉሡ ጠጋ አለ። ቆይቶም በቀስታ «እዚህ የቆማችሁት ምን አጥፍታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ልጄን ተቆጥቼ። እሱ ሚስቱን ውሃ አጠጥቶ። እሷ አባቷን ጠይቃ» አሉት። «አንተም ከእኛ አትብስም፤ ሁላችንም በሰላምታ ነው የወደቅነው።»

ከወዲያ ሸማኔው ስለ ገደሉ መንገድ ነገረው፤ ባለፈው ክረምት እዚያ አንሸራቶት እግሩ የተሰበረው የወንድሙ ልጅ ዛሬም ያነክሳል። ቢያድግልኝ ማሳዎቹን በአገጩ አሳየው። አረሙ አብቦ፣ ከላይ ሲታይ ያምር ነበር።

«ይህን ሁሉ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ንጉሡ።

«ሰው ሳለን ተናግረን ነበር» አሉ እትዬ ጠጂቱ። «አልተሰማንም። ድንጋይ ስንሆን አንተ መጣህ።»

ዝናቡ በረታ። ንጉሡ ልብሱ በሰበሰ፤ ጣቱ ደነዘዘ። ሸማኔው ዳቦውን ቆርሶ አጎረሰው። ንጉሡ እያኘከ አንድ ነገር አልተወው አለ።

«ለመሆኑ ምሽጉን ማን ሠራው?»

ሳቅ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ኮረብታውን ዞረ።

«የሠሩትማ አርፈዋል» አለ ቢያድግልኝ። ከመጣ ጀምሮ ረጅሙ ንግግሩ ይህ ነበር። «ማን እንደሚያርም ነው የጨነቀን።»

ሲመሽ ግንቡ እንደ ልማዱ ሊበተን ሆነ። ንጉሡ ከመካከላቸው ወጥቶ ነጋሪት መቺውን ጠራ። ለሁሉም ምሕረት ሰጠ፤ ለራሱም ጭምር። ቀጥሎ «ግንብ ባለበት ግንብ ነው» አለ። «ግንብ በሌለበት ሁሉ በር ነው።»

ጓንጉል ተንደረደረ። «ጃንሆይ፣ እንዲህማ ከሆነ ኮረብታው በሙሉ በር መሆኑ አይደለም?»

«አጋፋሪ አለው እኮ» አለ ንጉሡ፣ ካባውን እየለበሰ። ከዚያ አስነጠሰው።

ደባልቄ ዙሪያውን ተመለከተ። በመንግሥቱ ውስጥ ከዚህ የሰፋ በር የሚጠብቅ አጋፋሪ እንደሌለ ገባውና ቀና አለ። ጓንጉልን ሹመቱን አልነሡትም፤ የቀረችውን የአመድ ጆንያ ግን ሴቶቹ ለጎመን መደባቸው ወሰዱበት። በማግሥቱ ሁለቱም መንደሮች ማሳ ወረዱ። የላይ ቤቱ ከታች ቤቱ ጋር አብሮ አረመ። ከፊሉ ጤፍ ዳነ፣ ከፊሉ በአረም እንደተዋጠ ቀረ፤ ያ ዓመት ጠበብ ብሎ አለፈ። የምሽጉ ክርክር አልቀረም። በበዓል ቀን፣ ሁለት ሁለት ዋንጫ ከተጠጣ በኋላ፣ ይነሣል። አሁን ግን ተከራካሪዎቹ አንዱ በአንዱ ቤት ተቀምጠው ነው።

አያ ወንድይራድ መኸር ከገባ በኋላ አረፉ። ታመው ሳይሆን ጠግበው፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው። ሚስታቸው የላይ ቤት ልጅ ነበረችና የተቀበረችው እዚያ ነው፤ እሳቸውም ከጎኗ እንዲሆኑ ልጆቻቸው ወሰኑ። ጠዋት ላይ የታች ቤት ወንዶች ቃሬዛውን ተሸክመው ኮረብታውን ወጡ። የላይ ቤት ወንዶች ሊቀበሉ ከወዲህ ወጡ። እትዬ ጠጂቱ ይመኙሻልን በክንዷ ደግፈው፣ ሙሾ እያወረዱ ከኋላ ይከተላሉ። በድንጋዩ በኩል አልዞሩም፤ ቀጥታውን መጡ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደከመውና ጉልበቱ ከዳው። ቃሬዛው በአንድ ወገን ዘመም አለ። ደባልቄ ከበርጩማው ተነሥቶ ሮጠና ትከሻውን ከሥሩ አስገባ።

ጓንጉል ከኋላ «አጋፋሪ፣ አጋፋሪ! በሩን ለማን ትተኸው ነው?» ብሎ ጠራው።

«ክፍት ነው» አለ ደባልቄ፣ ዞር ሳይል። ከሰዎቹ ጋር እርምጃውን አስተካክሎ ወደ ላይ ቤት ወረደ።